የጋንጀስ ውሃ በጀፕስታውን

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8። ጆሃንስበርግ።

ዕቃ የማመጣባቸው ህንዳዊቷ አከፋፋይ አንቲ ኒርማላ ከህንድ ተመልሰዋል። ዛሬ ለሱቄ ብርድ ልብስ ላመጣ ጀፕስታውን ያለው ማከፋፈያቸው ስገባ አጠገባቸው አስቀመጡኝና በስልካቸው ለሂንዱዎች ቅዱስ የሆነችውን የቫራናሲን ከተማ አሳዩኝ። ወደ ጋንጀስ ወንዝ የሚወርዱትን የድንጋይ ደረጃዎች፣ ላም ከቆመበት ሰው የማያሳልፈውን ጠባብ ቅያስ፣ ሲመሽ ካህናቱ ወንዙ ዳር የሚያወዛውዙትን መብራት አየሁ። በመጨረሻው ፎቶ ላይ ልጃቸው ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ፣ እንደ ወጋቸው የተቃጠለውን የአባቱን አስከሬን አመድ ወንዙ ላይ ይበትናል።

ባለቤታቸው አንክል ራመሽ በሕይወት እያሉ ነበር እዚያ ሊታጠቡ የሚመኙት። "ካንተ ጋር ነው የምሄደው፤ የጉዞ ወረቀትህ ይምጣ" እያሉ ሦስት ዓመት ጠበቁኝ። የጥገኝነት ወረቀቴ ከአገር እንደማያስወጣኝ ያኔም አውቅ ነበር። አፍሬ ሳልነግራቸው ቀረሁ። በጠየቁኝ ቁጥር "በሚቀጥለው ወር ይደርሳል" እላቸው ነበር።

አንቲ ከመሳቢያቸው አፏ የታሸገ ትንሽ የመዳብ ማሰሮ አወጡ።

"የወንዙ ውሃ ነው። ሊሞት ሲል 'ለተስፋዬ አምጪለት' ብሎኝ ነበር። ቸርች ይቆጡሃል እንዴ?"

"ፓስተሩ ካላየ ማን ይቆጣኛል?" አልኩ።

ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ለሙት ዓመቱ ተመልሼ እሄዳለሁ። እሱ እንኳ ካንተ ጋር ሳይሄድ ቀረ፤ እኔን ትወስደኛለህ። ወረቀትህ የት ደረሰ?"

ማሰሮዋን በሁለት እጄ እንደያዝኩ "በሚቀጥለው ወር ይደርሳል" አልኳቸው።

"እንግዲያው ቲኬት አልቆርጥም" አሉ። "እጠብቅሃለሁ።"