እናቴ ሳትሞት ስለደረሰኝ መርዶ

ለሕፃናት ትምህርት በጎ አድራጎት ድርጅታችን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እናቴ በሕይወት መኖሯን ስለማሳወቅ

እጅግ የማከብርዎ ክቡር ዳይሬክተር፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ድምፅዎ እንዴት ነው? ድምፅዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማይክራፎን ጨብጦ የሰውን እናት በአንድ ዓረፍተ ነገር መቃብር አውርዶ፣ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ጭብጨባ የሚቀበል ሰው የጉሮሮ ጤና ያስፈልገዋልና ፈጣሪ ያቆይልዎ እላለሁ።

ነገሩ የተበላሸበትን ቅጽበት አልረሳውም። የለጋሾች እራት ላይ ነበርን፤ አስተናጋጆቹ ሰሃን አንስተው ጣፋጩን ሊያቀርቡ ሲሉ እርስዎ መድረኩ ላይ ቆመው፣ እጅዎን ወደ እኔ ዘርግተው፣ «እናትም አባትም የሌላት ይህች ልጅ ዛሬ እዚህ የቆመችው እናንተ ስላላችሁ ነው» አሉ። እናቴ በዚያች ሰዓት ከመድረኩ በስተግራ፣ ምሰሶው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጣ ነበር። ከእህቷ የተዋሰችውን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ፣ እኔ ስጠራ ከሁሉ ቀድማ ለማጨብጨብ እጆቿን አዘጋጅታ ነበር። እጆቿ እንደተዘጋጁ ቀሩ። ከጎኗ የነበሩት ወይዘሮ፣ ከድርጅቱ የቆዩ ለጋሾች አንዷ፣ እንባቸውን በናፕኪን እየጠረጉ «ምስኪን! ልጅቷን ያውቋታል እንዴ?» ብለው ጠየቋት። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ «ጎረቤቷ ነኝ» አለች።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ እንግዲህ ስለዚህች ጎረቤቴ ነው። ነገሩን በአደባባይ ከማውጣቴ በፊት ፊት ለፊት ላነጋግርዎ ደጋግሜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ ግን በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ መሆንዎን ስለነገረችኝ፣ ስብሰባው እስኪያልቅ እናቴ በእርጅና እንዳትቀድመን ፈርቼ ወደ ጽሑፍ ዞሬያለሁ።

በቅድሚያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ድርጅትዎ ደብተር ገዝቶልኛል፣ የደንብ ልብስ አልብሶኛል፣ ማንበብና መጻፍ አስተምሮ ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ አድርሶኛል። ይህን አልክድም። ማንበብ ባልችል ስለ እኔ የተጻፈውን አላነብም ነበር፤ መጻፍ ባልችልም እርስዎ ይህን አያነቡም ነበርና፣ ዛሬ የትምህርትን ጥቅም ሁለታችንም በጋራ እያየን ነው። ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

1. የመጀመሪያው የወግ ጉዳይ ነው። አባቴ አንደኛ ክፍል ሳለሁ መሞቱ እውነት ነው፤ ድርጅቱም የተቀበለኝ በዚሁ ምክንያት ነው። ለእኛ ቤት ያ አንድ ሞት ከበቂ በላይ ነበር። ለእርስዎ ግን ስላነሰብዎ እናቴን ጨመሩበት። ይሁን። ነገር ግን መርዶ የሚነግር ሰው ቢያንስ ለቅሶ ይደርሳል። እኛ ሰፈር በውሃ ቧንቧ ተጣልተው ሰላምታ ያቆሙ ጎረቤታሞች እንኳ ሞት ሲመጣ በር ገፍተው ገብተው ይቀመጣሉ። እርስዎ ብቅ ቢሉ ኖሮ ሟችዋ ራሷ ወንበር ስባ «አረፍ ይበሉ፤ ምነው ጠፉ?» ትልዎት ነበር።

2. ሁለተኛው የጉልበት ጉዳይ ነው። ክፍያ የማይጠየቁ ልጆች ወላጆች በየቅዳሜው ግቢውን እንዲያጸዱ ደንብ ያወጣው ድርጅትዎ ነው። እናቴ ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ ክሊኒክ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ሰንብታ፣ ቅዳሜ ጠዋት መጥረጊያዋን ይዛ ትመጣ ነበር። የመማሪያ ክፍሎቹን፣ ኮሪደሩን፣ የእርስዎንም ቢሮ ጠርጋለች። አንድ ቀን እርጥቡን ወለል ረግጠው ሲያልፉ «አይዞሽ፣ በርቺ» ብለዋት ቤት መጥታ በኩራት ነግራኛለች። ብዙ መሪዎች በሕይወት ያለውን ሠራተኛ እንኳ ማበረታታት ሲያቅታቸው፣ እርስዎ ሟች ሲያበረታቱ መኖርዎን ሳስብ አድናቆቴ ወሰን ያጣል።

ከግብዣው በኋላ እዚያው ድርጅትዎ ውስጥ ወዳለው ሥራዬ ስገባ የበሩ ዘበኛ፣ ልጆች ሳለን «ፊሽካ» እያልን የምንጠራቸው፣ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ኮፍያቸውን አውልቀው ጠበቁኝ። «አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር ልበል ወይስ እግዜር ያኑርልሽ? ከላይ ምን ተወሰነ?» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ፤ ስወጣ ፊቴን የታጠብኩት የማለዳ እንቅልፌን ለማባረር እንደሆነ ለጠየቁኝ ሁሉ ነግሬያለሁ።

3. ሦስተኛው፣ እውነቱን በተናገርኩበት ሰዓት ስለተደረገልኝ እርማት ነው። ማይክራፎኑን ሲሰጡኝ የተዘጋጀልኝን የምስጋና ንግግር ትቼ «ይቅርታ፣ እናቴ አልሞተችም፤ እዚያ ምሰሶው ጋ ተቀምጣለች» አልኩ። ሰው ሁሉ ወደ ምሰሶው ዞረ። በዚያች ቅጽበት፣ ሞኝነቴን ይዩልኝ፣ ለእርስዎ አፈርኩልዎ፤ ስህተቱ የማስታወስ ችግር እንደሆነ አድርጌ ላልፍልዎ ቃላት እየፈለግሁ ነበር። ለካ እርስዎ እርዳታ የሚያሻዎ ሰው አይደሉም። እኚያው ወይዘሮ እጃቸውን አውጥተው «ጎረቤቷ ናቸው! አሁን ራሳቸው ነገሩኝ!» ሲሉ፣ ክቡርነትዎ ማይክራፎኑን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱና «አያችሁ! ጎረቤቷን እናቴ ነው የምትላት! ፍቅር ሲያሳድግ እንዲህ ነው!» አሉ። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እናቴንም እንድትቆም አደረጓት። ቆመች። ለገዛ ልጇ ጎረቤት በመሆኗ ጭብጨባ ተቀበለች፤ ሹራቡን ወደ ታች እየጎተተች፣ የት ማየት እንዳለባት ጠፍቷት።

የዚያን ቀን ቃል የገቡት ለጋሾች ቁጥር ከወትሮው ሁሉ እንደሚበልጥ ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለዎት። መምህራኖቼ ውሸት በእውነት እንደሚጋለጥ አስተምረውኝ ነበር፤ እውነትም በማይክራፎን እንደሚስተካከል ግን በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አልነበረምና ስለ ተጨማሪው ትምህርት አመሰግናለሁ።

4. አራተኛው ስለ ሙያዬ ነው። አዎ፣ ሙያ አለኝ። እርስዎ ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ «የእኛ ፍሬ» ይሉኛል እንጂ ሀብት አሰባሳቢ ብለውኝ አያውቁም፤ ፍሬ ደግሞ ይበላል እንጂ ደመወዝ ይጨመርልኝ አይልም። ሥራውን የጀመርኩት መስኮት በሌላት የስልክ ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ለማላውቃቸው ሰዎች እየደወልኩ፣ ከመጀመሪያው «ሃሎ» ሰውየው ምሳ ላይ ይሁን ጠብ ላይ መለየት ተማርኩ። እምቢታን ሳልቀየም መስማት፣ እሺታን ሳልስገበገብ መቀበል፣ መስጠት ያቆመውን ሰው ሳልነዘንዝ ምን እንደገጠመው መጠየቅ፣ ይህን ሁሉ የለመድኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ኋላ የለጋሾች ደብዳቤ ጻፊ ስባል ያልተለመደ ነገር ጻፍኩ። በክፍልፋይ ሒሳብ ከመምህሯ ጋር ተከራክራ ስለረታች ልጅ፣ ስለ እንቁራሪት ካነበበ በኋላ በማግስቱ እውነተኛዋን በምሳ ዕቃው ይዞ ክፍል ስለመጣ ልጅ። ያነበቡት ሰዎች አላለቀሱም፤ ሳቁ። ከዚያ በየወሩ መስጠት ጀመሩ፤ አብዛኞቹም እስከ ዛሬ አልተለዩንም። እርስዎ ግን ደብዳቤውን የመለሱልኝ ከላዩ ላይ በቀይ ብዕር «እንባው የት አለ?» ብለው ነው።

እንባው የት እንዳለ አሁን አውቄያለሁ። ከእናቴ ጎን የተቀመጡትን ወይዘሮ ቤታቸው ድረስ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ቀድመው አላመኑኝም፤ ቀጥለው ተቆጡ፤ በመጨረሻም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው «ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ዘመን ያለቀስኩት ለማን ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸውን በአክብሮት ወደሚመለከተው ወደ እርስዎ ቢሮ መርቼዋለሁ።

5. አምስተኛው ስለ ሹመቱ ነው። የሀብት አሰባሰብ ክፍል ኃላፊ እንድሆን ስላሰቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አልደብቅዎትም፣ ከስልክ ክፍሏ ጀምሮ የተመኘሁት ወንበር ነው፤ ቦታውን ለመያዝ የሚያስፈልገውንም ሁሉ ሠርቻለሁ። የቀረኝ ትንሽ ነገር ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ፦ እናቴ ለሚቀጥለው ዘመቻ «የጎረቤት እናት» ተብላ ፎቶ ትነሳ፣ እኔም ከፎቶው ሥር ታሪኩን ልጻፍ። ሳመነታ ምክትልዎ «አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ! እናት በያት ጎረቤት በያት፣ ያው አንድ ሴት ናት» አሉኝ። እምቢ ስል ደግሞ የበላሁበትን ወጭት ሰባሪ ሆንኩ። ምክትልዎ አይስጉ፤ ያንን ወጭት ስታጥብ የኖረችው እናቴ ስለሆነች ልስበረው ብል እንኳ አትፈቅድልኝም።

እሷማ የባሰች ናት። የሹመቱን ነገር ስነግራት የተቀደደ ካልሲዬን እየጣፈች ነበር። «ታዲያ ምን አለበት ልጄ? አንቺ ከፍ በይልኝ እንጂ እኔ ጎረቤትም እሆናለሁ፣ ሟችም እሆናለሁ» አለችኝ። ቀና አላለችም። መርፌውን ሁለቴ ሳተችው።

ክቡር ዳይሬክተር፣ እስካሁን የጻፍኩትን ሁሉ ቢፈልጉ እንደ ቀልድ ይውሰዱት፤ ቁጥር ያልሰጠሁት ግን አንድ ነገር አለና እሱን እንደ ቀልድ እንዳይወስዱብኝ። ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ጋር አውቶቡስ ተሳፍረን አንዲት ወጣት ቦታዋን ስትለቅላት «ልጅዎ ናት? ቁርጥ እርስዎን!» አለቻት። እናቴ መጀመሪያ ዓይኗን በተሳፋሪው ላይ አዟዟረች፤ የሚያውቀን ሰው እንዳለ ስትፈልግ ነበር። ከዚያ እኔን አየችኝ። ልጄ ናት ለማለት ፈቃድ እየጠየቀችኝ ነበር፣ ክቡር ዳይሬክተር። አምጣ የወለደችኝ ሴት፣ ትኩሳቴን በመዳፏ ስትለካ ያደረችው ሴት፣ ከእኔ ፈቃድ ጠየቀች። «አዎ፣ እናቴ ናት!» ብዬ ጮህኩ፤ አውቶቡሱ ሁሉ ዞረ። እሷ ግን እጄን ቆንጠጥ አድርጋ «ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል» አለችኝ።

እርስዎ ከእኛ ቤት የወሰዱት ይህንን ነው። ከለጋሾች በሰበሰቡት ገንዘብ ስንት ክፍል እንደተሠራበት ሊነግሩኝ ይችላሉ፤ እኔም ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ልጆች ይማሩባቸዋል፤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከእነዚያ ክፍሎች ለአንዱ እንኳ እናቴ መሞት አልነበረባትም። ከልጆቹ ሳቅ ጋር ሆነን ልንሠራቸው እንችል ነበር፤ ሞክሬ አሳይቼዎታለሁ።

ስለዚህ የሚከተለውን በታላቅ ትሕትና አሳውቃለሁ። ሹመቱን በዚህ ዋጋ አልቀበልም። ሥራዬንም አልለቅም፤ የመልቀቂያ ደብዳቤ የሚጠብቁ ከሆነ፣ እንደሚያዩት ቀለሜን በሌላ ደብዳቤ ጨርሻለሁ። ሊያሰናብቱኝ ከወደዱ ምክንያቱን በገዛ እጅዎ «እናቷ በሕይወት በመገኘቷ» ብለው ይጻፉልኝና ፊርማና ማኅተም ያኑሩበት። ከእንግዲህ እኔ ሳላነበው በስሜ የሚነገር ታሪክ አልቀበልም። ለሌላ ሰው ጉሮሮ እንዲመች ተብሎ ከማንም ልጅ ቤት አንድ ሰው ሲቀነስ እያየሁ አላጨበጭብም። ውለታ እየተባለ የሚቀርብልኝን ዝምታ አልቀበልም። ከሁሉ በላይ ግን፣ እናቴ እኔን ልጄ ብላ ለመጥራት ግራ ቀኟን የምታይበትን አንዲት ቀን እንኳ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ከቤተሰብዎ አንድም ሰው፣ በቃልም ሆነ በጽሑፍ፣ እንዳይጎድልብዎ ከልብ እየተመኘሁ እጅ ነስቼ እሰናበትዎታለሁ፤

በመድረክ ወላጅ አልባ፣ በቤቷ የእናቷ ልጅ፣
የድርጅትዎ ሀብት አሰባሳቢ

ግልባጭ፦
ለለጋሾቻችን በሙሉ
ለበሩ ዘበኛ (ከላይ የተወሰነውን ለጠየቁን)
ለእናቴ (በሕይወት ስለምትገኝ በእጇ የሚሰጥ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሮዋ ባለፉት ዓመታት ከድርጅቱ የተላኩላቸውን የዘመቻ ጽሑፎች ሰጥተውኛል። የእኔን ታሪክ ሁልጊዜ እርስዎ ራስዎ ይጽፉት ስለነበር እስካሁን አላየኋቸውም ነበር። እናቴ በአንደኛው ላይ በሳንባ በሽታ፣ በሁለተኛው ከባሏ ሐዘን የተነሳ፣ በቅርቡ በወጣው ደግሞ በመኪና አደጋ ሞታለች። ሳነብላት ከልቧ ሳቀች፤ ከግብዣው ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ አንድ ነገር እንድለምንላት አዘዘችኝ፦ ከሦስቱ አንዱን ይወስኑላት፤ ቢያንስ ከየትኛው መጠንቀቅ እንዳለባት ትወቅ።