የጎን ፊት

ሰኞ፣ ግንቦት 3

ስልሳ ሦስት ሥዕል፣ አሥራ ሁለት ቦታ። ለአውራጃው የተማሪዎች ኤግዚቢሽን የተፈቀደልን ይኸው ነው። ሁሉንም በባዶ ክፍል ጠረጴዛዎች ላይ ዘርግቼ ስዞራቸው ዋልኩ። ትራክተር፦ አሥራ አንድ (በዓይኑ ያየው ተማሪ ስንት ይሆን?)። ችቦ፦ ዘጠኝ። ወደ ላይ የተወረወረ ክንድማ ተቆጥሮ አያልቅም፤ ባለ ስድስት ጣት ሁሉ አለ።

በሥዕሎቹ ላይ ያለው ሰው እንደ ልማዱ ፊት ለፊት ያፈጣል። ዓመቱን ሙሉ "ከጎን ሣሉ" እያልኩ ለፈለፍኩ። አንዱን "እናትህን ከጎን ሣላት" ስለው "እናቴንማ እንዲያ አላደርጋትም" ብሎኝ ማርክ ቀንሼበታለሁ። በድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ሆነብኝ።

ከዚያ የጥሩወርቅ ሥዕል ወጣ። የጋፋት መንደር ልጅ ናት፤ አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። የሣለችው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ነው። ገበሬዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፣ አስተማሪው ፊደል ያሳያል። አስተማሪው እኔ ነኝ፤ ባለፈው ክረምት እዚያ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ መነጽሬም አልቀረም። ደግሞ ከጎን ነው የተሣልኩት። አፍንጫ፣ አገጭ፣ አንድ ዓይን፣ ልክ እንዳስተማርኩት። ብቻዬን ሳቅሁ። በመጨረሻ አንድ ሰው ገባው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ዳይሬክተሩ፣ ከወጣት ማኅበሩ የመጣው ጓድና እኔ። ጓዱ ስድስት ትራክተር ይግባ አለ፣ በሦስት ተስማማን። አንድ ተማሪ የሣላትን፣ መሬት ላይ የምትንከባለል በቅሎ አስገባሁ። ትንሽ ድል ናት፣ ግን የኔ ናት።

የጥሩወርቅ ሥዕል ከመግቢያው ፊት ለፊት እንዲሰቀል ጠየቅሁ። ጓዱ ወዲያው ተስማማ። የዚሁ አገር ሰው የሆኑት ዳይሬክተራችን ግን ሥዕሉን አየት፣ እኔን አየት አድርገው "እርግጠኛ ነዎት?" አሉኝ። "ከሁሉ የሚያኮራኝ እሱ ነው" አልኳቸው። መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ያዙ። ጉንፋን ሳይዛቸው አልቀረም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ጉንፋን አልነበረም።

ዘበኛችን አያ ደምሴ ፍሬም ሊመቱልኝ መጥተው ሥዕሉን ሲያዩ መዶሻቸውን አስቀመጡ።

"መምህር፣ ይችን ልጅ ምን በደሏት?"

"ምን አደረግኋት?"

"ባንድ ዓይን አስቀረችዎ እኮ። በኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው። ባንድ ዓይን የሚሣል ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ክፉ ሰው ነው።"

እኔ የናዝሬት ልጅ፣ ሦስት ዓመት እዚህ ስኖር ከደጅ ተሳልሜ እየተመለስኩ አንድ ቀን እንኳ ግድግዳውን አላየሁም። ያ ልጅ እናቱን ከጎን አልሥልም ያለው ለካ ለዚህ ነው።

በደሌንም አስታወስኩ። ዓምና ጥሩወርቅ ዓይናቸው የጎላ ሰዎች ሥላ ስታመጣ፣ በክፍሉ ፊት "ይህ ዓይን ነው ሳህን?" አልኳት። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ያም ሆኖ ተናደድኩ፣ አልዋሽም። በሥዕሏ ፈንታ አራተኛ ትራክተር ባስገባ ማን ይጠይቀኛል? ሥዕሉን አንስቼ ይዤው ቆየሁ። መልሼ አስቀመጥኩትና ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ጠራኋት። መሬት መሬት እያየች ቆመች።

"ጋሼ፣ ባይሰቀልስ? አባቴ ይመጣሉ። ካዩት ይቆጡኛል።"

"ታዲያ ለምን ሣልሽው?"

"ዓምና ሳህን ብለውኝ ነበር። ደግሞ አይገባዎትም ብዬ ነው።"

እውነቷን ነው፤ አልገባኝም ነበር። ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ኀፍረቱ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳት፤ ለተማሪዬ እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ሁለተኛ ዓይን ልጨምርበት አለች። ከለከልኳት። ሥራው ያማረ ነው፣ እንዳለ ይሰቀላል። የዚያንም ልጅ ማርክ መለስኩለት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

አዳራሹ ሞላ። የአገሩ ሰው ከመግቢያው እየቆመ ሥዕሉን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ጋቢውን ወደ አፉ ያነሣል። ከሐሙሲት ትምህርት ቤት የመጡት አስተማሪዎች በኔ ስቀው ስቀው ወዳጄ ሆነው ሄዱ። ትራክተሮቹን ማንም አላያቸው።

አባቷ አለቃ ረፋዱ ላይ ደረሱ። ከሥዕሉ ፊት ቆመው ቆዩ። ጥሩወርቅ ከኋላዬ ተሸሽጋለች። አለቃ ዞረው ጎንበስ አሉልኝ።

"መምህር፣ ይቅር ይበሏት። ልጅ ናት።"

"አለቃ፣ እኔ አጥፍቼ ነው እንዲህ የሣለችኝ" አልኳቸው፣ የሳህኑንም ነገር ነገርኳቸው።

ሰምተው ሲያበቁ ሥዕሉን ደግመው አዩት። ቀጥለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። "መስመሩስ ደህና ነው። ሰው ጥፋቱን ካመነ ግን ፊቱን ወደ ፊት መመለስ ያንቺ ፋንታ ነው።"

ማታ ሥዕሎቹን ስናወርድ መጣችና ሰኞ ከክፍል በኋላ ልትሥለኝ እንድቀመጥላት ጠየቀችኝ።

"ፊት ለፊት ነው ከጎን?" አልኳት።

"እናያለን" አለች።