የተቆረጠው የብየዳ ቤቴ መስመርና የአገር እድገት

ቀን፦ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመብራት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የብየዳ ቤቴ መስመር እንዲቀጠልልኝና ለመንደራችን ከፍ ያለ ትራንስፎርመር እንዲተከል ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ይርጉ ጴጥሮስ፣ ምሁራን የሚከራከሩበትን ጥያቄ በጌዴኦ ዞን የፈታሁ ብቸኛ ሰው ነኝ። ዞን የሚለው ከበዛ መንደራችን ወርቃ ብለው ያንብቡልኝ። በወርቃም ቢሆን ሌላ የሞከረ የለም። የማታ ትምህርት የጨረስኩት ባለፈው ሰኔ ስለሆነ ፊደሎቼ ቢንጋደዱ በብየዳዬ አይፍረዱ፤ ብየዳዬ ቀጥ ያለ ነው።

1. የማታ ክፍላችን መምህርት ናፍቆት ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አሰመሩ፤ አንዱ አገር በየዓመቱ የምትጠቀመው ኃይል፣ ሌላው ገቢዋ። አብረው ይወጣሉ፤ የትኛው የትኛውን እንደሚጎትት ግን ምሁራን አልተስማሙም አሉን። እጄን አወጣሁ። መብራት ሳይገባ አንድ መስኮት በመጋዝና በሞረድ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። መብራት ሲገባ በአንድ ቀን ጨረስኩ፤ ኃይል ገቢን ጎተተ። ገቢ ሲመጣ ሁለተኛ የብየዳ ማሽን ገዛሁ፤ ገቢ ኃይልን ጎተተ። ሁለቱም ይጎትታሉ ብዬ በኩራት ተቀመጥኩ።

2. ገና ስቀመጥ የክፍሉ አምፖል ቀላ። ቀድሜ «ማነው ይሄ ስርዓት የሌለው!» ያልኩት እኔ ነኝ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ለካ ባልደረባዬ ጆሲ እኔው ቤት ሁለቱንም ማሽን አስነስቶ እየበየደ ኖሯል።

3. ጎረቤቴ ወ/ሮ ሀጅራ የሱቃቸው ፍሪጅ እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገራቸው ለቢሮዎ አመለከቱ፤ ነሐሴ ላይ መስመሬ ተቆረጠ። ቤቴም በዚያው ቆጣሪ ስለሆነ ጨልሟል። ደንብ ነውና አልከፋኝም፤ ማለት ብዙ አልከፋኝም። ነገር ግን እኔ ከተቆረጥኩም በኋላ የመንደሩ አምፖል እንደቀላ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የትራንስፎርመሩ እንጂ የእኔ አይደለም።

4. ኃይል ሳይጨምሩ የሚያድጉ አገሮችም አሉ ተብለናል። ሞክሬዋለሁ። ከነሐሴ ወዲህ ያደገው ጢሜ ብቻ ነው።

5. በቀልድ የማላልፈው ግን ይህ ነው። የቡና ለቀማ ሊጀመር ነው። የቡና ማጠቢያዎቹ መፈልፈያ ማሽን ሲሰበር የሚበየደው እኔ ዘንድ ነው። ቀይ ፍሬ በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ ብረቱ ዲላ ደርሶ እስኪመለስ አይጠብቅም። የሚበላሸውም የጎረቤቶቼ የዓመት ልፋት ነው።

ስለዚህ ለቀማው ሳይጀመር መስመሬ እንዲቀጠልልኝ፣ ቀጥሎም ለመንደሩ ከፍ ያለ ትራንስፎርመር እንዲተከል፣ ትልቁ ትራንስፎርመር እስኪተከል ድረስም ቀን ቀን በአንድ ማሽን ብቻ ልሠራ፣ ማታ መምህርት ናፍቆት ሲያስተምሩ ማሽን ላልነካ ቃል እየገባሁ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ለቢሮዎ ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር
ይርጉ ጴጥሮስ
ፊርማ (አሻራ ድሮ ቀረ)

ማሳሰቢያ፦ በተራ ቁጥር 3 አምፖሉ እንደቀላ ነው ያልኩት ፈጠራ ነው። እኔ በተቆረጥኩ ማግስት መንደሩ ቦግ ብሏል። ይህንንም የጻፍኩት በወ/ሮ ሀጅራ ሱቅ፣ በእሳቸው አምፖል ሥር ነው። አጠገቤ ቆመው አንብበው፣ ይህን ካላስተካከልክ ስለ ትራንስፎርመሩ አብሬህ አልፈርምም ብለውኛል። አስተካክያለሁ።

ሀጅራ ዚያድ
ፊርማ