ተገልብጦ የተሰቀለው ሥዕልሽ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ሳል ለቀቀሽ? የእማማ ጉልበትስ ተሻለው? አባባ ዛሬም ሐኪሙን አልሰማም ብሎ ደረጃ ይወጣል? እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ሰሞኑን ከደህናም ደህና ነኝ፤ ምክንያቱን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

«አቶ ሚዛን» የምትሉትን አስተማሪ መቼም አትረሺውም። የመመረቂያ ሥዕልሽን በተማሪ ሁሉ ፊት በእንጨት እየጠቆመ፣ «ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች፤ ይሄ ሚዛን የሚባል ነገር በደጁም አላለፈም» ብሎ የጣለሽ። አንቺ ብሩሽሽን ወርውረሽ ወደ ቤት ከገባሽ ስድስት ዓመት ሆነሽ። የእኔም ቂም ስድስት ዓመቱ ነው።

ባለፈው ወር ይኸው ሰውዬ ዓይኑን በጨው አጥቦ ፍሬም ቤቴ ገባ። ወንድምሽ መሆኔን አያውቅም። አንድ ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ፣ «አዲስ ሥራዬ ነው፤ ለኤግዚቢሽን የሚሆን ፍሬም ሥራልኝ» አለኝ። ሥዕሉ ያንቺው ነው። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ስትሠሪው አይቼ የለም እንዴ? ትልቁ ጥቁር አራት ማዕዘን ከላይ በግራ፣ ትንሿ ቀይ ሦስት ማዕዘን ከታች በቀኝ ጥግ፣ መሃሉ ሰፊ ነጭ፣ ከጥቁሩ ሥር ቀጭን ቢጫ መስመር። ከቢጫው አንዲት ጠብታ ወደ ታች ስትወርድ ልጥረግልሽ ብዬ «ተዋት፣ ታምራለች» ያልሽኝ አሁንም አለች። ጉሮሮውን ላንቀው ምንም አልቀረኝም። ግን እሱ የተከበረ አስተማሪ፣ እኔ ፍሬም ሠሪ፤ ማን ያምነኛል? ጥርሴን ነክሼ «እሺ ጌታዬ» አልኩት።

በእኛ ሥራ የሥዕሉን ላይና ታች የሚወስነው ከጀርባ የሚታሰረው መስቀያ ሽቦ ነው። ሆን ብዬ በታችኛው በኩል አሰርኩት። የሠራው ሰው ቢሆን ገና ሲረከበኝ ይጮህ ነበር። እሱ የፍሬሙን ጠርዝ በጣቱ ዳበሰ፣ አመሰገነኝ፣ ተሸክሞ ሄደ።

በመክፈቻው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ጥቁሩ ከታች እንደ ጆንያ ተዘርፍጧል፣ ቀይዋ ከላይ ጥግ ላይ ቀርታለች። ሰውዬው ግማሽ ሰዓት አወራ። «ጥቁሩ መሠረት ነው። ሚዛኑ የመጣው ከታች በመቀመጡ ነው» አለ። ሲጨርስ እጄን አውጥቼ፣ ቢጫው ቀለም ሽቅብ የፈሰሰው እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ሰው ሁሉ ተጠግቶ አየ። ፊቱን ላብ አጠመቀውና «ፍሬም ሠሪው ገልብጦብኝ ነው» አለ። «አዎ፣ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያሞገሱት ታዲያ ምኑን ነው?» አልኩት።

የአዳራሹ ኃላፊ ሥዕሉን አስገልብጣ አሰቀለችው። ያኔ ነው ሥራሽ የገባኝ። ጥቁሩ ከላይ ሊወርድ ይመስላል፤ ዓይን በነጩ ውስጥ ቁልቁል ይሄዳል፣ የሚይዘው አጥቶ ይሰጋል፣ መጨረሻ ላይ ቀይዋ ትቀበለዋለች። ነጩ ባይሰፋ ያ ሁሉ ስጋት አይኖርም። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ነገር እንዴት እንደሚከብድ ከሥራዬ አውቃለሁ። ቀይዋም ራቅ ብላ፣ ደምቃ፣ ያንን ጥቁር ሁሉ ትመዝናለች። ሰውዬው ኮቱን ሳይለብስ ወጣ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ አላዘንኩለትም፣ አላዝንለትምም።

ሥዕሉ የእህቴ ነው ብዬ ስለነገርኳት ኃላፊዋ ስሙን ከግድግዳው አንሥታዋለች። ያንቺን የምትጽፈው ግን ራስሽ መጥተሽ፣ የመነሻ ንድፎችሽን አሳይተሽ ስትናገሪ ነው።

ሥዕሉ እንዴት እጁ ገባ ትይኝ ይሆናል። ያኔ ከትምህርት ቤቱ እንዳመጣልሽ ልከሽኝ፣ እርጥበት በልቶታል ብዬ ጻፍኩልሽ። ውሸቴን ነው። በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። እኔም እሱን አምኜ፣ ሥዕልሽን ቤቴ መስቀል አፍሬበት ነበር። እሱ ያገኘው እኔ የተውኩትን ነው።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አባባን ደረጃውን ይተው በይልኝ። ለአክስታችን፣ ለትንሿ ልጅሽም ሰላምታዬን አድርሺ። ንድፎችሽን ይዘሽ ነይ። የእሱን ዋጋ ሰጥቼዋለሁ፤ የእኔን የምትሰጪኝ አንቺ ነሽ።

ወንድምሽ
ከፍሬም ቤቱ የኋላ ክፍል
ጥር ፲፱ ቀን