የሞቱትን ዶሮዎች ለማይቆጥረው የቅጥር ኮሚቴ

ለተከበሩ ዶክተር አምላኩ፣
የእንስሳት ክትባት አምራች ድርጅት የቅጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን እያልሁ ከሞጣ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዘይዳ አብዱራዛቅ እባላለሁ፤ በስታቲስቲክስ የተመረቅሁ፣ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁ፣ ፕሮግራም መጻፍን ከአባቴ የጨርቅ ሱቅ ጓዳ ተቀምጬ በራሴ የተማርሁ ሰው ነኝ። ካላስታወሱኝ፣ ባለፈው ጥቅምት ለዳታ ሳይንቲስትነት አራት ዙር ፈትነው የጣሉኝ ተወዳዳሪ ነኝ። ስለ ደከሙልኝ ላመሰግንዎ፣ በዚያውም ቅሬታዎቼን በተራ ላቀርብ ወደድሁ።

፩ኛ. በመጀመሪያው ዙር በስልክ ያነጋገሩኝ ባለሙያዎ፣ እኔ ስለ ራሴ ስናገር እርሳቸው ምሳቸውን ይበሉ ስለ ነበር፣ የሕይወት ታሪኬ ለምግብ ፍላጎት እንደሚስማማ አውቄአለሁ። በሁለተኛው ዙር በቪዲዮ የቀረቡት ደግሞ ያንኑ ሁሉ እንደ አዲስ ጠይቀውኝ፣ ኔትወርኩ ሲቋረጥ በዚያው ቀሩ፤ በማግስቱ «አልፈሻል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ባልተናገርሁት ነገር ያለፍሁበት ብቸኛ ፈተና ስለሆነ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ. ቀጥሎ የሦስት ቀን የቤት ሥራ ላካችሁልኝ፤ የፈንግል በሽታ ክትባት የወሰዱ የአሥራ ስምንት ሺህ ዶሮዎች መዝገብ ነበር። የትኛው ዶሮ እንደሚተርፍ የሚተነብይ ሞዴል እንድሠራ ታዘዝሁ። ሠራሁ። ሆኖም መዝገቡን ሳገላብጥ፣ የምርት ቁጥሩ ሰባት የሆነውን ክትባት የወሰዱት ዶሮዎች ምንም እንዳልተከተቡ ሆነው ማለቃቸውን አየሁ። በዚያው መዝገብ የሙቀት ልኬቱን ብመለከት፣ ቢቸና ያለው ፍሪጃችሁ ለአራት ቀን መብራት ተቋርጦበት ከክፍሉ እኩል ሞቆ ነበር። ሕይወት ያለው ክትባት ሲሞቅ እንደሚሞት ለእናንተ መንገር ድፍረት ቢሆንም፣ በሪፖርቴ ራስጌ ላይ በደማቁ «ቁጥር ሰባት ሞቷል፤ አትስጡት» ብዬ ጻፍሁ።

፫ኛ. ለመጨረሻው ዙር በአካል ስትጠሩኝ ግንደወይንንና ደብረ ወርቅን አልፌ ቢቸና ደረስሁ፤ ሦስት ሰዓትም በር ላይ ተጎለትሁ። ስገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቢቸና ውስጥ በአንድ የገበያ ቀን ስንት እንቁላል ይሸጣል? ገምቺ» የሚል ሆነ። እኔም «ይቅርታ፣ ቁጥር ሰባት አሁንም እየተሰጠ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። እርስዎ ብዕርዎን አስቀምጠው «እዚህ የምንጠይቀው እኛ ነን» አሉኝ። እኔም «አሥራ ሁለት ሺህ» አልሁ። ሦስታችሁም የኮሚቴው አባላት በእርካታ ራሳችሁን ነቀነቃችሁ፤ እንቁላሉ ከዶሮዋ በልጦባችኋልና።

ከዚያም የቴክኒክ ባለሙያዎ አቶ ሙሉአለም «ያንቺ ሞዴል ሰማንያ አንድ ከመቶ ነው በትክክል የተነበየው፤ የሌላው ተወዳዳሪ ዘጠና አራት» አሉኝ። እንዴት ብዬ ብጠይቅ፣ ልጃቸው የተዳረላቸው ያህል ፊታቸው በርቶ «ዳታውን አጽድቶታል፤ ቁጥር ሰባትን በሙሉ አውጥቶ ጥሎታል» ሲሉ መለሱ። ክቡር ሆይ፣ ሬሳውን ከመዝገብ ፍቆ አገሩ ጤና ነው የሚልን ሰው ለመሸለም በእውነት የዶክትሬት ማዕረግ ያስፈልጋል፤ ያልተማረ ሰውማ ያፍር ነበር።

በዚያው ቀን ስመለስ መኪናው ግንደወይን መናኸሪያ ቆመ። ከጎኔ የተሳፈረች ሴት ለጓደኛዋ «አስከትቤ ነው ሠላሳዎቹም ያለቁብኝ፤ ከእንግዲህ የመንግሥትም ይሁን የግል ጠብታ ደጄን አይረግጥም» ስትል ሰማሁ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም። የማውቀውን እያወቅሁ ስለ እንቁላል ስገምት ውዬ ነበርና።

ሞጣ እንደ ወረድሁ ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ወደ ወረዳው የእንስሳት ሐኪም፣ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ወደ መጣው ሽታሁን ሄድሁ። ፍሪጁን ሲከፍት፣ ሐሙስ ለሰፈራችን ዶሮዎች የተዘጋጀው ካርቶን ቁጥር ሰባት ሆኖ ተገኘ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«መዝገቡ እርግጠኛ ነው» አልሁት።

የሐሙሱን ክትባት አስቆመ፤ ናሙናም ለምርመራ ላከ። ጎረቤቴ እትዬ ውበቴ፣ በስድሳ ዶሮዎች ሦስት ልጆች የሚያሳድጉት፣ «ልጄ፣ ሳይከተቡ ቢያልቁብኝስ?» አሉኝ። ሌላ ክትባት ከክልል እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን፣ በየጠዋቱ አጥራቸው ሥር ቆሜ የዶሮ ጩኸት እያዳመጥሁ ወደ ማስተማር ሥራዬ እሄድ ነበር። ተርፈዋል። የምርመራው ውጤትም በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ ከላክነው ናሙና አንዱም ሕይወት አልነበረውም።

፬ኛ. በዚያው ሳምንት «ለቡድን ሥራ የሚመች ጠባይ አልታየብሽም» የሚለው ደብዳቤያችሁ ደረሰኝ። ወዲያውም ድርጅታችሁ «የዳታ ቡድናችን ባደረገው ጥልቅ ትንተና» ቁጥር ሰባትን ከየወረዳው መልሶ እንደ ሰበሰበ በኩራት አወጃችሁ፤ ከእወጃው ሥር የሪፖርቴን ሰንጠረዥ፣ ስሜን ብቻ ቆርጣችሁ፣ ለጥፋችኋል። ማጽዳት ማለት ይህ ከሆነ በእርግጥ ተክናችሁበታል።

እኔ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ከሽታሁን ጋር የወረዳውን የክትባት መዝገብ እይዛለሁ። ለዚህ ሥራ የተጠየቅሁት «ነገ መምጣት ትችያለሽ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

በተረፈ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ፍሪጅዎ ሳይሞቅ፣ እውነትም ደጅዎን ሳታንኳኳ ዘመንዎ ያልቅ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ለታላቅነትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የማይመች ጠባይ ያላት አመልካችዎ፣
ዘይዳ አብዱራዛቅ
ሞጣ

ማሳሰቢያ፦ በሚመጣው ማክሰኞ ግንደወይን ላይ ዶሮዎቻቸው ያለቁባቸው ሃያ ሰባት ሴቶች ይሰበሰባሉ። ምክንያቱን ከእርስዎ አፍ ቢሰሙት ደስ ይላቸዋል። ካልተመቸዎት እኔው እነግራቸዋለሁ፤ ስም እየጠራሁ።