ያልቀመሰችው ጠላ

ሐሙስ፣ ቡሬ

አልቀመሰችም። ዓይኔ እያየ እንስራውን አዘንብላ በብርጭቆ ቀዳችና «እንኩ» ብላ ሰጠችኝ። በመዳፏ ጠብ አድርጋ እንኳ አፏ አላደረሰችም! እኛ አገር ጅጋ ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል፤ እንግዳው «ምን አለበት?» እንዳይል። ቀጂዋ ወይዘሮ እናትነሽ ደግሞ ለእኔ እንዲሁ ሰው አይደለችም፤ ልጇ ሙሉቀን ልጄን ብርቱካንን ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል። ባለቤቴ «ቤቱን አይተሽ አንቺው ወስኚ» ብሎኝ ነው የመጣሁት። እሁድ ቃሌን ይጠብቃሉ።

ጠላው ግን! ጠቆር ያለ፣ ጌሾው ልክ። ፈራሁም፣ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁም።

ዓርብ

ያረፍኩት እህቴ ይታይሽ ቤት ነው። ብነግራት ሳቀችብኝ። «እታለም፣ ቡሬ እኮ ከተማ ነው፤ ዛሬ ማን ይቀምሳል!»

እናያለን አልኩ። ጾሙ ሲፈታ ይዣት ወጣሁ።

መናኸሪያው ጀርባ፦ ውኃ የበዛበት፣ የሚያሳዝን ጠላ። ሴትዮዋ ግን ቀመሰች።

ገበያው ጥግ፦ ጌሾ ብቻ፤ ምላስ ያደርቃል። ቀመሰች።

ሦስተኛው ጋ በባጃጅ ሄድን። ጉሽ ነው፣ ያልተጣራ፤ ይበላል እንጂ ይጠጣል አይባልም። እንዴት ደስ አለኝ! ባለቤቲቱ መዳፏን ላሰችና «ይኸው አልሞትኩም፤ ጠጡ» አለችን። ይታይሽ ስንመለስ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ «ለአንቺ ጥርጣሬ እኔ ልስከር?» ትላለች።

ስለዚህ ቡሬም ይቀመሳል። የማትቀምሰው እናትነሽ ብቻ ናት። ምን ብትደብቅ ነው? የምትወስደው እኮ ልጄን ነው።

ቅዳሜ

ሳልናገር ድንገት ሄድኩባት። አንዲት ጎረቤት ጋኑ ሥር ተቀምጣ ትቀምሳለች፤ «አንድ ቀን ይቆይ» ትላለች። ጠማቂዋ እናትነሽ ቆማ ትሰማለች! በሰው ምላስ ጠላ የሚጠምቅ አይቼ አላውቅም።

ጎረቤቲቱ ስትወጣ አላስቻለኝም። «ወይዘሮ እናትነሽ፣ ምነው ከገዛ ጠላዎ ሸሹ?»

ቁጭ አለች። «ስለት ነው። ሙሉቀን አረቄ ይጠጣ ነበር፤ ከሥራም የተባረረው በዚያ ነው። ማርያምን ልጄን ከዚህ አውጪልኝ፣ እኔም ልጄ ጎጆ እስኪወጣ ጠላ በአፌ አይዞርም አልኳት። ይኸው ከተወው ሁለተኛ ዓመቱ።»

«ለምን ደበቁን?»

«ልጅዎን እንዳይከለክሉን።»

እሷስ እውነቷን ነው። የእኔ ጥርጣሬ ግን አልሞተም፤ ከእናትየዋ ተነስቶ ልጁ ላይ አረፈ። ብርቱካን ጋ ደወልኩ።

«አውቃለሁ እማዬ፤ ገና ስንተዋወቅ ነው የነገረኝ።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አትነግሪኝም?»

«አንቺማ ትጠረጥሪያለሽ ብዬ!»

እኔ! መቼ ጠርጥሬ አውቃለሁ?

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ እነሱ ቤት ምሳ በላን። ሙሉቀን ቆሞ እጃችንን ያስታጥባል። ሆን ብዬ እንስራውን እኔ አነሳሁ፤ በመዳፌ ቀመስኩ፤ አንድ ብርጭቆ ጢም አድርጌ ሰጠሁት። እናቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

በሁለት እጁ ተቀበለኝና ዞሮ ለይታይሽ ሰጣት። «እትዬ ይጠጡልኝ፤ እኔ የዕድሜ ልኬን ድርሻ ቀድሜ ጨርሻለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቱ ግን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እሱ ብርጭቆውን በዓይኑ እንኳ አልተከተለውም፤ አጥብቄ አይቻለሁ።

ቃሌን ሰጠሁ። አማት ፊት ጨዋ የማይሆን እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሰጠሁ። የሠርጉን የመጀመሪያ ጠላ እኔ ነኝ የምቀዳው፣ ለእናትነሽ። ቀምሳ ፊቷ ሲፈታ ማየት አምሮኛል። አንዱ ዓይኔ እሷን ያያል፤ ሌላው ግን ልጁ ላይ ነው።