ተራቸውን አሳልፈው የማያውቁት መምህር ኤርነስት ቲቤንዴራና

መምህር ኤርነስት ቲቤንዴራና ከአባታቸው ከአቶ ዮናሳኒ ቢታሪሆ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤስቴሪ ክዮሙሄንዶ በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ፣ በካባሌ አውራጃ፣ በንያቡሺሮ ኮረብታ ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ፤ የሚከተሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን የሕይወት ታሪክ ማዘጋጀት የሚገባቸው ልጆቻቸው ነበሩ። ከማክሰኞ ወዲህ ግን በዚያ ቤት ብዕር የሚይዝ እጅ ስለጠፋ ሥራው ለጎረቤት ተሰጠ። ጎረቤቱም እኔ ነኝ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ያ ፍየልህ ዛሬም ማሽላዬን ሲያጭድ ውሏል፤ ደመወዝ ልቁረጥለት?» ያሉ ሰው፣ ዛሬ ስለ እርሳቸው «ነበሩ» ተብሎ ይጻፋል? አእምሮ እንዴት ይቀበለዋል?

መምህር ኤርነስት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በንያቡሺሮ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ በ1974 ዓ.ም. በመምህርነት ሠልጥነው ተመረቁ። ከዚያም ወደዚሁ ትምህርት ቤት ተመልሰው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሒሳብ አስተምረዋል። ዛሬ እዚህ ከተቀመጥነው ግማሻችን ማባዛትን የተማርነው ጆሯችንን እየተጎተትን ነው። በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፔሊሲ ቡሲንጌ ጋር በተቀደሰ ጋብቻ ተጣምረው አምስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1986 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን በሰሜን እንግሊዝ ከምትገኘው ከኤልምዴል ቤተ ክርስቲያን ጋር እህትማማች ስትሆን መምህር ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። የጣሪያችን ቆርቆሮና የውኃ ታንከራችን የመጡት ከዚያ ነው። እኛም ጸሎትና የምስጋና ደብዳቤ እንልክ ነበር። የድሃ አገሮች ዕዳ ይሰረዝ ተብሎ በዓለም ዙሪያ ፊርማ በተሰበሰበ ጊዜም መምህር ከጓሮ ጓሮ እየዞሩ የአውራ ጣት አሻራ አስደርገዋል። የመንደራችን አዛውንት እማማ ኬዝያ፣ «ያልበላሁትን ዕዳ ምን ቆርጦኝ ነው የምፈርምበት?» ሲሏቸው፣ «ኛቦ፣ እመቤቴ፣ እኮ አልበላሁም ብለው ነው የሚፈርሙት» ብለው ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩባቸው።

ሆኖም አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክናቸው ነበር። የንያቡሺሮ ሰው ሁሉ የቃሬዛ ማኅበር አባል ነው። መኪና በማይወጣው ኮረብታችን የታመመውን ተሸክመን መንገድ እናደርሳለን፤ የሞተውንም እንቀብራለን። ተራው ደርሶ የቀረ አንድ ጀሪካን ቡሼራ፣ ያንን የማሽላ መጠጣችንን፣ ይቀጣል። መምህር በዕድሜያቸው አንድም ጀሪካን ተቀጥተው አያውቁም፤ የእኛን ቅጣት ሲጠጡ ግን ወደ ኋላ የሚሉ ሰው አልነበሩም። እና ዘወትር፣ «ኤልምዴሎች ይሸከሙናል፤ እኛ ግን ተሸክመናቸው አናውቅም። ይሄ ምን ዓይነት ማኅበር ነው?» ይሉ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ኤልምዴሎች ድህነትን ለመቃወም በጠሩት ስብሰባ ላይ እንዲናገሩ ጋብዘዋቸው ወደ እንግሊዝ ሄዱ። የተበደሩት ካፖርት የሁለት ሰው ያህል ነበር፤ ፎቶውን ያየ ሁሉ ያስታውሳል። ንግግራቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲገቡ በጎን በር በኩል ሰው ከረጢት ይዞ ተሰልፎ አዩ። ሽማግሌ አለ፤ ሕፃን ያቀፈች እናት አለች። መምህርም ለድግስ ስጦታ ይዘው የመጡ መስሏቸው፣ ደስ ብሏቸው የኤልምዴሏን ቄስ ጊሊያንን፣ «የማን ሠርግ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ቄስ ጊሊያን ፊታቸው ቀላ። «ሠርግ አይደለም፣ መምህር። የሚበሉት ያጡ ሰዎች ናቸው። በየሳምንቱ ይመጣሉ።»

መምህር መድረክ ላይ ሲወጡ ያዘጋጁትን ንግግር አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ እንዲህም አሉ፦ «ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ረሃባችንን ስንነግራችሁ ኖርን። የጓዳችንን ጉድ ሁሉ ታውቃላችሁ። የእናንተን ግን ደበቃችሁን። ወዳጅ ከወዳጁ እንዲህ ይደብቃል?»

ከዚያ ተመልሰው ይህንን በቤተ ክርስቲያን ሲናገሩ የደነገጥነው እኛ ሆንን። ያመናቸውም አልነበረም። እማማ ኬዝያ ከኋላ ሆነው፣ «ምስኪን! ብርዱ ጭንቅላቱን መታው» ሲሉ ሰምተናል። ሌላው ደግሞ፣ «ሴቦ፣ ጌታዬ፣ ነጭ ተርቦ እርስዎ ብቻ ነዎት ያዩት?» አለ። መምህር አልተቆጡም። «ልጅ ያቀፈችው ሴትዮ ከረጢቱን ከጀርባዋ ደብቃ ነበር። ማፈር የትም አገር አንድ ነው» ብቻ አሉ። እማማ ኬዝያም እያጉረመረሙ ወጡና እንቁላል የምትጥል ዶሯቸውን ይዘው ተመለሱ። ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዳችን ሰው ያመጣው ዶሮ፣ ባቄላና ድንች ለጨረታ ቀርቦ፣ የተገኘው ገንዘብ በሙሉ ለኤልምዴል ተላከ።

በሳምንቱ ቄስ ጊሊያን ደወሉ። መምህር ስልካቸውን ሁሉም እንዲሰማ ከፍተው ስለሚያወሩ መንደሩ በሙሉ ምስክር ነው። «መምህር፣ እጅግ አልቅሰናል። ግን ልንቀበለው አንችልም። እናንተ ትቸገራላችሁ፤ እንመልስላችኋለን» አሉ።

እማማ ኬዝያ፣ «ዶሮዬን ሊመልሱብኝ ነው? ምን አጠፋሁ?» ብለው ጮኹ። ሁላችንም የመምህርን አፍ አየን። እህትማማችነቱ በዚያች ሰዓት በአንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

መምህርም፣ «ቄስ ጊሊያን፣ ቆርቆሮውን ስትልኩልን 'ትቸገራላችሁ' ብለን መልሰንላችኋል?» አሉ። «በቃሬዛ ማኅበራችን እየተሸከመ፣ ሲታመም ግን አትሸከሙኝ የሚል ሰው አባል አይባልም፤ አለቃ ነው። አለቃ ደግሞ ሞልቶናል። ከመለሳችሁት ከማኅበሩ እንሰርዛችኋለን። ከተቀበላችሁ ግን ተራ አላችሁ።»

በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ተሸከሙን» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። እማማ ኬዝያም እልል አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ድህነትን ሲቃወሙ፣ እነርሱ ስለ እኛ ብቻ መጮኻቸው ቀርቶ፣ አንድ ደብዳቤ ጽፈው ለሁለቱም አገር ሹማምንት ይልኩ ነበር። የሹማምንቱን መልስ እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነው።

መምህር ኤርነስት በቅርብ ዓመታት የልብ ሕመም ነበረባቸው። ሐኪሙ ሸክም ይቅርብዎ ብሏቸው ነበር፤ የማኅበሩ አባል ስላልሆነ ግን አልሰሙትም። ማክሰኞ፣ ማርች 12 ቀን 2024 ዓ.ም.፣ ዝናቡ እየወረደ የጎረቤታችን ልጅ ፕሮስኮቪያ ምጥ ያዛት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጎደለ። «ተዉ ሴቦ፣ እርስዎ በዕድሜ ነፃ ነዎት» ብንላቸው፣ «ልጅቷም ተማሪዬ ናት፤ ዞር በል» ብለው እንጨቱን ጫንቃቸው ላይ አደረጉ። ጭቃውን እስከ መንገዱ ወረዱ። መኪናው ላይ ስናስተኛት፣ «ቀስ፣ ቀስ አድርጓት» አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የሚያርፉ መስሎን ቀለድንባቸው። አልመለሱልንም።

ቃሬዛው ባዶውን ይመለሳል ብለን ነበር። እርሳቸውን ይዞ ተመለሰ። ፕሮስኮቪያ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው።

መምህር ኤርነስት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፔሊሲን፣ አምስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና መላውን የንያቡሺሮ ሕዝብ በኀዘን ትተው ሄደዋል። ለኤልምዴል መርዶው በተነገረ ጊዜ ቄስ ጊሊያን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የእኛ ተራ የት ላይ ነው?» ዛሬ በመካከላችን ናቸው። ቄስ ጊሊያን፣ የኤልምዴል ተራ ከቃሬዛው ኋላ በግራ በኩል ነው። ዳገቱ ያዳልጣል፤ ጫማዎን ያውልቁ።

የሰውን ሸክም በጫንቃቸው ይዘው የኖሩትን የመምህራችንን ነፍስ እግዚአብሔር በእጆቹ ተሸክሞ ያሳርፍልን። ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ።

አሁን ተሸካሚዎች ይነሡ።